ሲኒውን ገልብጠው

ዳዊት፦ ሄሉ፣ በጋዜጣ የጠቀለልሽው ምንድን ነው?

ሄለን፦ የሻይ ሲኒ ከነማስቀመጫው። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ነው ያገኘሁት። እስቲ ገልብጠህ ታቹን አንብበው።

ዳዊት፦ «ሜድ ኢን ኦኩፓይድ ጃፓን» ይላል።

ሄለን፦ አየህ! ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ጃፓንን ይዘው ሳለ የተሠራ ነው። ያ ዘመን በፈረንጆቹ 1952 አበቃ። «ኒፖን» ቢል ደግሞ ዕድሜው ከዚህም ይገፋል። በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አዘዘ። ጃፓኖች አገራቸውን በራሳቸው አጠራር «ኒፖን» ብለው ጻፉ። በ1921 ግን አሜሪካኖቹ «ጃፓን» ተብሎ ይጻፍ አሉ።

ዳዊት፦ ስለዚህ ማህተሙን ማየት ይበቃል?

ሄለን፦ ኧረ አይበቃም! አንዴ አንድ ነጋዴ ይህንኑ ማህተም ያለበት በራድ ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ በጥጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነካ ሳደርገው፣ ጽሑፉ ከጥጡ ጋር መጣ። በእሳት የተተኮሰ ማህተም እንዲህ አይለቅም። በጣም ነው የተናደድኩት። አሁን ጣትህን በሲኒው ላይ ባለው ዘንዶ ላይ አሳልፍ።

ዳዊት፦ ጉብ ጉብ ይላል።

ሄለን፦ ወፈር ባለ ቀለም በእጅ የተሠራ ነው። የስልክህን መብራት ከሥሩ አብራና ወደ ውስጥ ተመልከት።

ዳዊት፦ እንዴ! የሴት ፊት! ፀጉሯ ሁሉ ይታያል! ቅድም እኮ ባዶ ነጭ ነበር።

ሄለን፦ ቀለም የለውም። ጭቃው ሲሳሳ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲወፍር ይጠቁራል። በዚያ ብቻ ነው ፊቷን ያወጡት። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የኖሪታኬን ታሪክ ነው። በ1904 ጃፓን ውስጥ ናጎያ ከተማ አካባቢ የተቋቋመ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንደ ድሮው ጥራት ማምረት አቃታቸው። ታዲያ ስማቸውን ከማውረድ ብለው ለጥቂት ዓመት «ሮዝ ቻይና» የሚል ማህተም አደረጉበት። ያ ማህተም ያለበት ሲኒ ሳገኝ ጠርዙ ካልተሸረፈ አላልፈውም።

ዳዊት፦ እማዬ ቡፌ ውስጥ ጽጌረዳ ያለበት የሻይ ዕቃ አለ። ማታ ደውዬ ታቹን አስነብባታለሁ።

ሄለን፦ የወርቅ ጠርዝ ካለው በእጅ ይታጠብ በላት። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ወርቁን ያስለቅቀዋል። ማይክሮዌቭ ውስጥም እንዳይገባ።