ዋጋው ቢወርድስ?
ለቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች የዕቅድ ስብሰባ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ አመራር አባላት፣ ሥራ አስኪያጆችና የሒሳብ ሠራተኞች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የሚተከል የቡና ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ቡና የሚተክል ሰው ሁሉ፣ ወረቀት ላይ ባያሰፍረውም፣ አርቆ የሚያቅድ ነው። የማኅበራችን ዕቅድ ግን የገበሬውን ያህል ጥንቃቄ የለውም።

ከዓመታት በፊት የአንድ ማኅበር የአምስት ዓመት ዕቅድ ሳዘጋጅ፣ የቡና ዋጋ በየዓመቱ በአሥር በመቶ ይጨምራል ብዬ ጀመርኩ። የማጠቢያ ጣቢያው ብድር፣ የመጋዘኑ ግንባታ፣ የአባላት የትርፍ ክፍፍል ሁሉ በዚያ ቁጥር ላይ ቆመ። በጠቅላላ ጉባኤው ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና «ዋጋው ቢወርድስ ብድሩን በምን እንከፍላለን?» አሉ። «በየዓመቱ ይከለሳል» ብዬ አለፍኩ። በሁለተኛው ዓመት ዋጋው ወረደ። መፈልፈያው ተተክሎ እሸት ቡና መግዣ ገንዘብ ጠፋ፤ አባላቱም ምርታቸውን ለነጋዴ ሸጡ። ለእኚያ እናት ተገቢውን መልስ አለመስጠቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በእኛው አገር ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ለሚዋዥቅ ነገር አንድ ቁጥር አይበቃም።

ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ይህን ቀድሞ ተረድቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፒየር ዋክና ባልደረቦቹ ስለ ነገው አንድ ትንበያ ከመስጠት ይልቅ የተለያዩ ሊሆኑ የሚችሉ ሁኔታዎችን ለአለቆቻቸው ጻፉ፤ ነዳጅ አምራች አገሮች ዋጋ የሚያስወድዱበት ሁኔታም አንዱ ነበር። በ1973 መገባደጃ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ሲጠጋ፣ ሼል አስቀድሞ አስቦበት ነበር።

እኛም ሦስት ሁኔታዎችን እንጻፍ፤ ዋጋው ሲወጣ፣ ባለበት ሲቆይ፣ በግማሽ ሲወርድ። በሦስቱም የማያከስረውን ሥራ አሁኑኑ እንጀምር። በአንዱ ብቻ ለሚያዋጣው ደግሞ ምልክት እናብጅለት፤ ለምሳሌ ዋጋው ለሁለት ተከታታይ ወራት ከተስማማንበት በታች ከዋለ የመጋዘኑ ግንባታ ይቁም። ምልክቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፤ አለበለዚያ ቀኑ ሲደርስ ሁሉም «ትንሽ እንጠብቅ» ይላል።

ጋሪ ክላይን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስተዋወቀው ሌላ ዘዴም አለ። ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት «አምስት ዓመት አልፎ ዕቅዳችን ከሽፏል፤ ለምን ከሸፈ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እያንዳንዱም ሰው መልሱን ለብቻው ይጽፋል። ይህ ለእኛ በጣም ይጠቅመናል። ታላቅ ሰው ከተናገረ በኋላ መቃወም እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ ብዙ ጥሩ ሐሳብ ሳይነገር ይቀራል።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ባዶ ወረቀት ይታደላችኋል። ስም አይጻፍበትም። መጻፍ የሚያስቸግራቸው አባላት ለጸሐፊዎቹ በቃል ያስመዝግቡ። ሊቀመናብርት ደግሞ የሁሉም መልስ ተነቦ እስኪያልቅ ድረስ አስተያየት እንዳትሰጡ በትሕትና እለምናችኋለሁ።