«ዶክተር፣ ጠንካራውን ውጊኝ»

እንደምን ዋላችሁ! ዛሬ አፌን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ እናንተ ዘና በሉ።

የጥርስ ሕክምና ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «ዶክተር፣ ጠንካራውን ማደንዘዣ ውጊኝ» ይለኛል። እሺ፣ ጠንካራው የቱ ነው?

እጃችን ላይ ሁሌ የማይጠፋው ሊዶኬይን ነው። ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 ሠራው፣ በ1948 ገበያ ላይ ዋለ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ያገለግለናል። ጥርስ ላይ ብዙ ጊዜ 2 በመቶው ነው የሚወጋው። አርቲኬይን የሚባለው ሌላው ማደንዘዣ ደግሞ 4 በመቶ ነው። ታዲያ ቁጥሩን ያየ ሰው «እጥፍ ነው፣ እሱን!» ይላል። አይደለም። 4 በመቶ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ ማለት እንጂ ጉልበቱ እጥፍ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ለአንድ ሰው የተፈቀደው መጠን ላይ ቶሎ ያደርሰናል።

የአርቲኬይን ጉልበት ሌላ ቦታ ነው፤ አጥንት ውስጥ ሰርጎ መግባት ይችልበታል። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ወፍራም ስለሆነ ሊዶኬይንን ድዱ ላይ ብቻ ብንወጋው ብዙ ጊዜ ለኋላ ጥርስ አይበቃም፣ ስለዚህ ወደ ጉንጭ ጥግ ገብተን ዋናውን ነርቭ እናደነዝዛለን፤ ግማሽ ከንፈርና ግማሽ ምላስ የሚጠፋባችሁ ያኔ ነው። አርቲኬይን ድዱ ላይ ሲወጋ ከሊዶኬይን ይሻላል። ለዋናው ነርቭ ግን እኔ ሊዶኬይንን እመርጣለሁ። ምላሳቸው ቶሎ ያልለቀቃቸው ሰዎች ከአርቲኬይን ጋር ተያይዘው ሪፖርት ተደርገዋል፤ ክርክሩ ገና አልተቋጨም፣ እኔ ግን ምን አስቸኮለኝ?

አሁን «አለርጂ አለብኝ፣ ባለፈው ልቤ ሊወጣ ነበር» ለምትሉት። አብዛኛውን ጊዜ ያ ከማደንዘዣው ጋር የሚቀላቀለው አድሬናሊን ነው። የደም ሥርን አጥብቦ መድኃኒቱ እዚያው እንዲቆይ ያደርጋል። ያለሱ ሊዶኬይን ጥርሱን የሚያደነዝዘው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፤ ከሱ ጋር ግን ወደ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ልባችሁ የሚያስቸግር ከሆነ 3 በመቶ ሜፒቫኬይን የሚባል ማደንዘዣ አለ፣ አድሬናሊን የለውም፣ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ያሠራል። ጫት ቅማችሁ ከመጣችሁም አትደብቁኝ! ጫቱም አድሬናሊኑም ልብ ያስሮጣሉ። ለእናታችሁ አልነግርም።

ተማሪ እያለሁ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ መጣ። ወጋሁት፣ አልደነዘዘም። ደገምኩ። በሦስተኛው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ የወንበሩን እጀታ ጨምድዶ ይዟል፣ እኔም እጄ ይንቀጠቀጣል። አስተማሪዬ መጣና መድኃኒቱን ሳይቀይር ቦታውን ቀየረ፤ ከእብጠቱ ራቅ ብሎ ነርቩ ገና ወደ መንጋጋው የሚገባበት ጋ ወጋው። ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው እጀታውን ለቀቀ። ለካ የመገለበት አካባቢ አሲድ ይበዛዋል፣ መድኃኒቱም እዚያ ወደ ነርቩ መግባት ይሳነዋል። እኔ ግን ሦስት ጊዜ እዚያው ስወጋ ነበር።

ሰዓታት የሚቆይ ቡፒቫኬይንም አለ። የጥበብ ጥርስ በቀዶ ሕክምና ላወጣ ሰው ግሩም ነው፤ ለሕፃን ግን አንመርጠውም። በተራው ሊዶኬይን እንኳ ልጁ የደነዘዘ ከንፈሩን ሲያኝክ ይውልና በማግስቱ አብጦ እናትየው «ኢንፌክሽን ያዘው» ብላ ስትሮጥ ትመጣለች። ስለዚህ ከንፈሩ እስኪለቀው ድረስ ቆሎውም ማስቲካውም ይቆየው።