«እርጅና ነው» ብለን የምናልፈው እንቅልፍ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

አንድ አዛውንት «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ሲሉን ምን እንመልሳለን? «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል!» እዚህ የቆምኩት ይህንን መልስ ለመቃወም ነው።

ዕድሜ ሲገፋ እንቅልፍ መሳሳቱ እውነት ነው። ሰው በጊዜ ይተኛል፣ ሌሊት ይባንናል፣ ጎህ ሳይቀድ ይነቃል። ይሄ ብቻውን በሽታ አይደለም። ለዓመታት የተጓደለ እንቅልፍ ግን ከመርሳት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ ማስረጃው እየበዛ ነው።

አንጎላችን ሲሠራ ከሚያመነጫቸው ነገሮች አንዱ አሚሎይድ ቤታ የሚባል ፕሮቲን ነው። ዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት በሆነው በአልዛይመር ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ተጠራቅሞ ይገኛል። በ2013 የአንጎል ተመራማሪዋ የማይከን ኔደርጋርድ ቡድን አይጦችን ሲያጠና፣ በእንቅልፍ ሰዓት በአንጎል ሴሎች መካከል ያለው ክፍተት 60 በመቶ ያህል እንደሚሰፋና ይህ ፕሮቲን በፍጥነት እንደሚጠረግ አየ። ክርክሩ ገና አልተዘጋም፤ ተቃራኒ ውጤት ያገኙም አሉ። በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ 20 ጤነኛ ሰዎች አንድ ሌሊት ሳይተኙ ካደሩ በኋላ በአንጎላቸው ውስጥ አሚሎይዱ ከፍ ብሎ አገኘው። አንድ ሌሊት ስላመለጣችሁ ግን አትደንግጡ። የሚያሳስበኝ ልማድ ሲሆን ነው። በእንግሊዝ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ለ25 ዓመት የተከታተለው የ2021 ጥናት፣ በ50፣ በ60ም በ70 ዓመታቸውም 6 ሰዓትና ከዚያ በታች ይተኙ የነበሩት፣ 7 ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ ለመርሳት በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው በ30 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

ታዲያ የቱ ቀደመ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ወይስ በሽታው? በሽታውም ምልክቱ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። እኔ ነገሩ ከሁለቱም ወገን ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ሕልም በምናይበት ሰዓት ጡንቻዎቻችን ይታሰራሉ፣ አንንቀሳቀስም። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ይህ እስር ይፈታል። ሕልሙ ውስጥ ውሻ ሲያባርረው እግሩ ብርድ ልብሱን ይራገጣል፤ ይጮሃል፣ ቡጢ ይሰነዝራል፤ ቡጢው የሚያርፈው አጠገቡ በተኛችው ሚስቱ ላይ ነው። ጠዋት ስትነግረው «ቅዠት ነው» ይላል። ሐኪሞቹ ሼንክና ማሆዋልድ ይህን ችግር በ1986 ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። ሌላ ምክንያት ሳይኖራቸው ይህ ችግር ያለባቸውን ሰዎች የተከታተለ ትልቅ ጥናት፣ በ12 ዓመት ውስጥ ከ10ሩ 7 ያህሉ ለፓርኪንሰን (እጅ ለሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን ለሚያዘገይ የአንጎል በሽታ) ወይም ለተቀራራቢ በሽታ ሊዳረጉ እንደሚችሉ ገምቷል። እስካሁን ይህን የሚያስቆም መድኃኒት የለም። ቢሆንም አስቀድሞ ማወቁ ክትትል ለመጀመርና ከአልጋ ወድቆ ከመሰበር ለመዳን ይጠቅማል።

ማንኮራፋትም አለ። ሰውየው ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ትንፋሹ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ተንፍሶ ይነሳል። ይህ የሚታከም ችግር ነው። እየታከመ ያለ ሰው ቀን ቀን የሚጫነው ድብታና ድካም ይቀልለታል፤ ሕክምናው የመርሳት በሽታን ይከላከላል ወይ ለሚለው ግን ገና ቁርጥ ያለ መልስ የለም።

አደራ የምላችሁ የትዳር አጋሮችንና ልጆችን ነው። ሌሊት የሚሆነውን የተኛው ሰው አያውቀውም፤ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። ከቻላችሁ ማንኮራፋቱን ወይም መራገጡን በስልካችሁ ቅረጹና አሳዩ። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ትእዛዝ የሚገዙ አንዳንድ የእንቅልፍ ክኒኖች አዛውንትን ግራ የሚያጋቡና ለመውደቅ የሚዳርጉ ናቸው፤ ሐኪሙ ሳያያቸው አትስጧቸው።

አመሰግናለሁ።