ጥገኛ

ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ። ድምፄን ዝቅ ያደረግኩት ልጆቹ ስለተኙ ነው። ቁም ሳጥኑ ጥግ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የምቀዳው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ነው። ዛሬ ውሃ የሚመጣበት ሌሊት ስለሆነ ለነገሩ መተኛት የለም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፤ ውሃው እኛ ጋ የሚደርሰው የታችኞቹ ሞልተው ሲተኙ ነው። በመሃል "ቆይ መጣሁ" ብዬ ከጠፋሁ ባልዲ ልቀይር ሄጄ ነው።

እንግዲህ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንሄዳለን። እኔና ሁለቱ ልጆች። ባለቤቴ መሐንዲስ ነው፤ ማንችስተር ሥራ አግኝቶ ህዳር ላይ ቀደመን። እኛ ትምህርት እስኪዘጋ ቀረን። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ "እንኳን ደስ አለሽ" ይለኛል። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ዛሬ ግን የማወራው ስለ አንዲት ቃል ነው።

የቪዛ ቅጹን ስሞላ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቡና ትለቅም ነበር። "አንቺን ምን ብሎ ነው የጻፈሽ?" አለችኝ። እንግሊዝኛው ዲፔንደንት ነው የሚለው። ሳላስብ "ጥገኛ" አልኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። "የማን ጥገኛ?" አለች።

ይህቺን ቃል እኔ አሳምሬ አውቃታለሁ። 11 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ልጆቹ ካልገባቸው ወደ አማርኛ እንመልሰዋለን። ጥገኛ ተዋስያን፤ የተጠጉበትን አካል እየጎዱ ከእሱ የሚኖሩ። ምሳሌ ስጡ ስል ከኋላ ወንበር ሁልጊዜ አንድ ሰው "ወስፋት!" ይላል። ሌላው "ኮሶ!" ይላል። አሁን ሦስተኛ ምሳሌ አለኝ፣ ቲቸር ራሷ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። እማዬ ለአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን "ልጄን ጥገኛ አሏት" ብላ ስሞታ ታሰማለች። በማግስቱ ደረጃ ላይ ጎረቤቴ እጄን ጭብጥ አድርጋ፣ በሹክሹክታ፣ "ጥገኝነት ልትጠይቂ ነው አሉ፤ ምን አጋጠመሽ ልጄ?" አትለኝም! ኧረ እትዬ፣ ምንም አላጋጠመኝም፣ ባሌ ጋ ነው የምሄደው ብል ማን ይመነኝ። እስከ ቅዳሜ ግማሹ ብሎክ "አይዞሽ" ብሎኛል።

ለባለቤቴ በስልክ ስነግረው ከልቡ ሳቀ። "እኔ እኮ አልጻፍኩትም" አለኝ። እውነቱን ነው። ደግ ሰው ነው። ግን ሥራውን ያገኘ ሰሞን፣ እዚህ ኩሽና ቆመን፣ "ያንቺ ሙያ የትም አለ" ብሎኝ ነበር። ሁለት ቀን እንደ ምርቃት ወሰድኩት። በሦስተኛው ቀን ግን ከነከነኝ። የትም አለ ማለት እኮ እዚህ ባይኖርም ችግር የለውም ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ላስተካክል። እኔ በምሄድበት ቪዛ የትዳር አጋር መሥራት ይችላል። አይከለከልም። ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት በቋሚነት ለማስተማር የእነሱን የመምህርነት ዕውቅና ማግኘት አለብኝ። እስከዚያ ምን እንደምሠራ እኔንጃ። ትምህርት ቤቴ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ በሕጉ መሠረት፣ በሰላም ለቅቄያለሁ። የመጨረሻ ቀን ልጆቹ ኬክ ገዝተው ነበር። ስለዚያ ቀን ሌላ ጊዜ አወራለሁ፤ ዛሬ ከጀመርኩ አልጨርስም።

ገንዘቡ ላይ ልሂድ፣ ምክንያቱም ስለዚህ ማንም በግልጽ አያወራም። የጤና ክፍያ የሚባል ነገር አለ። ቪዛውን ስትጠይቁ የሙሉ ጊዜውን ባንዴ ነው የምትከፍሉት። ለአዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ፣ ለልጅ 776። የእኔንና የሁለቱን ልጆች የሦስት ዓመት ስትደምሩት 7,761 ፓውንድ ይመጣል። የቪዛው ክፍያ ለብቻው ነው። ሐኪሞችና ነርሶች በሚሄዱበት ቪዛ ይህ የለም፤ መሐንዲስ ይከፍላል። የባለቤቴ መሥሪያ ቤት የእሱን ችሏል፣ የእኛን አልቻለም። ቀድሞን የሄደበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው፤ እዚያው ሠርቶ በፓውንድ ማጠራቀም ነበረበት። ሐምሌ 2016 የብሩ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከዚህ በብር እከፍላለሁ ማለት ቅዠት ነው።

ትኬቱን ግን እኔ ቆረጥኩ። የሦስታችንንም። የመምህራን እቁባችን መጋቢት ላይ ወጣልኝ። ለቪዛው የሚጠየቀውን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ከዚያው ላይ ከፈልኩ። ልጆቹ ከ11 ዓመት በታች ስለሆኑ ራጅ አልተነሱም፤ ጥያቄ ብቻ ነው የተጠየቁት። ጥገኛዋ ተነሳች።

ቆይ፣ ውሃ መጣች መሰለኝ... አይ፣ አየር ነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ 3ኛ ክፍልን ጨረሰ። እዚያ ክፍል የሚመደበው በዕድሜ ስለሆነ አምስተኛ ዓመት የሚሉት ውስጥ ይገባል። "ደብል መታሁ" እያለ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አውርቷል። ትንሿ አባቷ ታህሳስ ላይ "10 ሰዓት ሳይሞላ ጨለመ" ካላት ወዲህ መብራት ጠፍቶበት ነው የሚመስላት። አሁን ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ፀሐይ አለ ሲላት ውሸታም አለችው።

ሻንጣ ለአንድ ሰው ሁለት፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። በርበሬው ተፈጭቷል፣ ሽሮው ተዘጋጅቷል። እማዬ ባለፈው ሳምንት ንጥር ቅቤ አንጥራ፣ በኮሰረትና በኮረሪማ አሳምራ፣ በጣሳ አሽጋ አመጣችልኝ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከዚህ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ እንዴት ብዬ ልንገራት? ነገርኳት። ቋንጣውንም ጨምሬ። ትንሽ ዝም አለችና "ታዲያ ምን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?" አለችኝ።

ይህን ቤት ያገኘችው እሷ ናት። የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ናት። ስንት ዓመት ጠብቃ ዕጣ ሲደርሳት ከአራት ኪሎ ወደዚህ መጣች፤ እኛም ተከትለን ገባን። እሁድ እሁድ አሁንም በሁለት ታክሲ የድሮ ሰፈሯ እድር ትሄዳለች። ወንድሜ አዳማ ነው፤ "እኔ ጋ ትምጣ" ብሏል። "እድሬን ጥዬ?" አለችው፣ አለቀ።

እና ቅጹ ላይ ለእሷ የሚሆን ሳጥን የለም። የትዳር አጋርና ልጆች፣ በቃ። ወላጅ አይካተትም። የባለቤቴ ጥገኞች ማን ማን እንደሆኑ በዝርዝር ጠይቀውኛል፤ የእኔ ጥገኛ ማን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። የደም ግፊት ኪኒኗን የምቆጥረው እኔ ነኝ። የቴሌብሯን የይለፍ ቁጥር የማስታውሰው እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሚበቃ ውሃ በሌሊት የምሞላው፣ ሲጠፋ ደግሞ ከታች ሮቶው ጋ ተሰልፌ አራት ፎቅ የምሸከመው እኔ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ አንድ ጎረምሳ አለ፣ በወር እየከፈልኩት ሊያመጣላት ተስማምተናል። ጥሩ ልጅ ነው። ግን 12ኛ ክፍልን ጨርሷል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ማን...

ቆይ አንዴ። አሁን እውነትም መጣች፣ ትሰማላችሁ?

ባልዲውን እኔ አላስቀመጥኩትም እኮ። ጀሪካን ሲጎተት ይሰማኛል። እማዬ! ተይው፣ እኔ እመጣለሁ አልኩሽ! ወገብሽን...

እንዘጋለን፣ ይቅርታ። እየጎተተችው ነው።