20 ባይት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ፋይል ነው። መጠኗ 20 ባይት ነው፤ ሃያ የእንግሊዝኛ ፊደል እንደማለት። ይህን የምታክል ነገር ይህን ያህል እንቅልፍ ትነሳለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቤቴ ውስጥ ሰርቨር፣ ማለትም ለሌሎች መሣሪያዎች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር አለኝ። ሰርቨር ስላችሁ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ሲጀመር ራስበሪ ፓይ የሚባለው፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ነበር። መደርደሪያ ላይ፣ ከራውተሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። እሱ ላይ ኢተርፓድን ጫንኩ። ኢተርፓድ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ገጽ ላይ የሚጽፍበት የማስታወሻ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱ ቀለም አለው። የትኛውን መስመር ማን እንደጻፈ በቀለሙ ታውቃላችሁ።

«ዝግጁ አገልግሎት ሞልቶ ለምን ቤትህ?» የሚሉኝ አሉ። መልሱ የራሱ የኢተርፓድ ታሪክ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 እንደ ማንኛውም የድረ ገጽ አገልግሎት ተጀመረ። በ2009 መጨረሻ ጎግል ገዛው። አገልግሎቱ ሊዘጋ ነው ሲባል ተጠቃሚው ቅሬታውን አሰማ። በዚያው ወር ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ኢተርፓድን የሠሩት ሰዎች የተቀላቀሉት ጎግል ዌቭ፣ ሰዎች አብረው የሚጽፉበትና የሚወያዩበት የጎግል አገልግሎት፣ ግን ገና በ2010 ልማቱ እንዲቆም ተወሰነ። ኮዱ ክፍት የሆነው ኢተርፓድ ዛሬም አለ። እኔ ቤት ይሠራል። ማስታወሻዬ የማንም ኩባንያ ዕቅድ ላይ እንዳይንጠለጠል የፈለግኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ላይ የምጽፍበት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ ሰርቨሩ ቢወድቅ የሚጎዳ አልነበረም። ከዚያ አባታችን ታመሙ።

ሦስት ወንድምና እህት ነን፤ የምንኖረው ተራርቀን ነው። ማን መቼ መድኃኒት ሰጣቸው፣ ሐኪሙ ምን አለ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው፣ ይህን ሁሉ በስልክ መቀባበል አቃተን። አንዱ የሰማውን ሌላው አይሰማም። ስለዚህ አንድ ገጽ ከፈትኩና አድራሻውን ላክሁላቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ገጹ ሞላ። የእኔ ቀለም ሰማያዊ፣ የታናሽ እህቴ ብርቱካናማ፣ የታላቅ ወንድማችን ሐምራዊ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ አረንጓዴ ታየ። አባታችን ናቸው። በእህቴ ስልክ፣ በአንድ ጣት እየፈለጉ የጻፉት ነው። «ዛሬ ተሽሎኛል፤ አትሯሯጡ» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁልጊዜ ስለሚገርመኝ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ላይ ሲጽፍ ለምን አይደበላለቅም? «ቀጠሮ ማክሰኞ» የሚል መስመር አለ እንበል። እህቴ መነሻው ላይ «የልብ» የሚል ትጨምራለች። በዚያው ቅጽበት እኔ መጨረሻው ላይ «ጠዋት» እላለሁ። የእኔ ማሽን ቃሉን የሚያስገባው ከመነሻው በፊደል ቆጥሮ ነው። እሷ ፊት ለፊት ስትጨምር ግን የእኔ ቆጠራ ይሳሳታል። ስለዚህ የእኔ ለውጥ እሷ በጨመረችው ልክ ወደፊት ይገፋል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረቡት ኤሊስ እና ጊብስ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። እኔ ውስጡን ካወቅሁ በኋላ ፕሮግራሙን ይበልጥ ወደድኩት። የማንም ቃል ሳይጣል ሁሉም ቦታ ያገኛል።

ከውጭ መግባቱም ጣጣ ነበረው። የእኔ የኢንተርኔት አቅራቢ ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ነው የሚያስቀምጠው። ከውጭ ብታንኳኩ ወደ ቤታችሁ የሚያስገባችሁ የለም። መውጫው ከውስጥ ወደ ውጭ መገናኘት ነው። ቋሚ አድራሻ ያላት ትንሽ ሰርቨር ተከራየሁ። የቤቱ ማሽን ዋየርጋርድ በሚባል፣ የተመሰጠረ መስመር በሚዘረጋ ፕሮግራም ከእሷ ጋር ይገናኛል፤ መስመሩ እንዳይዘጋ በየ25 ሰከንዱ «አለሁ» ይላታል። ማስታወሻው ግን ቤት ነው የሚቀመጠው።

እና አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። ሲመለስ ማሽኑ አልተነሳም።

ራስበሪ ፓዩ ሁሉን ነገር የሚያስቀምጥበት ሚሞሪ ካርድ ሞቷል። ኢተርፓድ እያንዳንዷን ለውጥ ነው ወደ ዳታቤዝ፣ ወደ መረጃ ማከማቻው፣ የሚጽፈው፤ አንድ ፊደል ብታጠፉ እንኳ ይመዘገባል። ሚሞሪ ካርድ ደግሞ የሚችለው የጽሑፍ ብዛት ውሱን ነው። ላዩ ላይ ሌት ተቀን ዳታቤዝ ሲጽፍበት ያልቃል። በጽሑፍ መሃል መብራት ከሄደ ደግሞ የባሰ ነው። ይህን አውቅ ነበር። «በኋላ እቀይረዋለሁ» እያልኩ ነው ያቆየሁት።

ግን አልደነገጥኩም። ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነበረኛ። በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዳታቤዙ ተጨምቆ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ዲስኩን ከፈትኩ። የ14 ቀን ፋይሎች በየቀናቸው ተደርድረዋል። አንድም ቀን አልጎደለም። የቅርቡን ልከፍት ስል መጠኑን አየሁ። 20 ባይት። የትናንትናውም 20። ከዚያ በፊት ያለውም 20።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ከሁለት ወር በፊት የዳታቤዙን ፓስዎርድ ቀይሬ ነበር። ባክአፕ የሚያደርገው ትእዛዝ ላይ ግን አልቀየርኩም። ስለዚህ በየሌሊቱ ዳታቤዙ «አላውቅህም» ብሎ ይመልሰዋል። ጂዚፕ የሚባለው መጭመቂያ ምንም ነገር አልመጣለትም። ምንም የሌለውን ነገር ጂዚፕ ሲጨምቀው የሚወጣው ልክ 20 ባይት ነው። ፋይል አለ፣ ቀን አለው፣ ስም አለው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ትእዛዙ ደግሞ የሚያየው የመጨረሻውን ሥራ፣ መጭመቁን፣ ብቻ ስለሆነ «ተሳክቷል» ይላል። ጤነኞቹ የድሮ ፋይሎች 14 ቀን ስላለፋቸው ራሳቸው ተሰርዘዋል።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የማስበው ስለ ሰርቨሩ አልነበረም። የመድኃኒቱ ሰዓት፣ የአባታችን መስመር፣ እነሱ ናቸው የታዩኝ። ሰው አምኖ ያስቀመጠው አደራ ነው። እኔ ጋ አስቀምጡ ያልኳቸው እኔው ነኝ።

ከዚያ እህቴ ደወለች። «ገጹ ግንኙነት ተቋርጧል ይላል፣ እንደገና አገናኝ የሚለውን ልጫነው?» አለችኝ።

ጮህኩ መሰለኝ። «እንዳትነኪው! ምንም እንዳትነኪ!» ላፕቶፗ ላይ ገጹ ከማታ ጀምሮ ክፍት ነበር። ሰርቨሩ ቢሞትም ጽሑፉ እሷ ብራውዘር ውስጥ አለ። አንድ ጊዜ ብታድሰው ግን ይጠፋል። መጀመሪያ በስልኳ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ሁሉንም መርጣ ኮፒ አደረገችና ሌላ ፋይል ላይ አስቀመጠችው። እጇ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

ጽሑፉ ተረፈ። አዲስ ገጽ ስከፍት እሷ ለጠፈችው። ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ሁሉም ብርቱካናማ ሆኗል። ለጣፊዋ እሷ ስለሆነች ፕሮግራሙ ሁሉንም የእሷ አደረገው። የእኔም፣ የወንድማችንም መስመር በእሷ ቀለም ነው። «ዛሬ ተሽሎኛል፤ አትሯሯጡ» የሚለውም ብርቱካናማ ነው። ኢተርፓድ ላይ ወደ ኋላ ሄዶ ጽሑፉ ፊደል በፊደል ሲጻፍ ማየት ይቻላል። አባታችን ያን መስመር ሲጽፉ፣ ሲሳሳቱ፣ አጥፍተው ሲደግሙ፣ እሱ ሁሉ ሄዷል። ይህ እስካሁን ያመኛል።

አሁን ሰርቨሩ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው፣ ከሚሞሪ ካርድ ይበልጥ ብዙ ጽሑፍ የሚችል ዲስክ አለው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ የራሱ ባትሪ ያቆየዋል። ባክአፑ በሁለት ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ሦስተኛው ቅጂ በምስጢር ቁልፍ ተመስጥሮ ወንድማችን ቤት አለ። ፋይሉ ከተወሰነ መጠን ካነሰ ስልኬ ላይ መልእክት ይደርሰኛል። ትልቁ ለውጥ ግን ይህ አይደለም። በወር አንድ ቅዳሜ ባክአፑን ባዶ ማሽን ላይ መልሼ እጭነዋለሁ። ገጹን እከፍታለሁ። የአባታችንን መስመር እፈልጋለሁ። እሷን በዓይኔ ካላየሁ ባክአፕ አለኝ አልልም።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ቆየ። እኔ ብታመምስ? ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ አካሄዱን በወረቀት ጻፍኩት፤ የትኛው ዲስክ፣ የትኛው ትእዛዝ፣ ፓስዎርዱ የት እንዳለ። ሁለት ገጽ ሆነ። ለእህቴ ሰጠኋት። ኮምፒውተር ሥራዋ አይደለም። ያለፈው ወር ቅዳሜ፣ እኔ ስልክ ሳላነሳላት፣ ወረቀቱን ብቻ ይዛ እንድትሞክረው ተስማማን።

ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባት። እኔ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደድኩ ነበር። ወረቀቱ ላይ አንድ ደረጃ ዘልዬ ኖሮ እሱን ራሷ ደርሳበት በእስክሪብቶ ጨምራበታለች። ከዚያ መልእክቷ መጣ። «መስመሯ አለች» ይላል። ፎቶውንም ልካለች። ከሥሩ አዲስ መስመር ተጽፏል፤ ቀለሙ አረንጓዴ ነው። አባታችን አጠገቧ ተቀምጠው ነበር።