የእማማ ማረሻ

ቤቲ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ፒክአፕ ላይ የሚገጠም የበረዶ መጥረጊያ ነው። ሄኖክ ሚኒሶታ ውስጥ 3 ዊንተር ሠርቶበታል።

ሄኖክ፦ መጀመሪያ ግን ስለ እማማ ላውራ።

ቤቲ፦ አውቄዋለሁ! እሷን ታሪክ ሳትነግረን አታልፍም።

ሄኖክ፦ የገና ዋዜማ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ በረዶ ሞልቶታል። ሕዝቡ ለቅዳሴ ሊመጣ ነው። መጥረጊያውን ካስገጠምኩ ሳምንት አልሞላኝም። ስገፋ ስገፋ፣ በረዶ ስር የተደበቀ የሲሚንቶ ጠርዝ መታሁ። ጓ! ምላጩ፣ በረዶውን የሚገፋው ሰፊ ብረት፣ ወደ ፊት ተደፋ። አለቀልኝ አልኩ። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ ማረሻህን ድንጋይ መታው እንዴ?» አሉኝ።

ቤቲ፦ ማረሻ! ሲያምር!

ሄኖክ፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማረሻ ነው የምለው።

ቤቲ፦ ማረሻ ግን አፈር ይሰነጥቃል። ይሄ ይገፋል እንጂ መቼ ያርሳል?

ሄኖክ፦ ፈረንጁስ የእርሻውንም የበረዶውንም ፕላው አይደል የሚለው? እማማ ልክ ናቸው።

ቤቲ፦ እሺ፣ ለእሳቸው ስል። ተሰብሮ ነበር ታዲያ?

ሄኖክ፦ ኧረ ምንም አልሆነ! ስፕሪንግ አለው። ጠንካራ ነገር ሲመታ ይታጠፍና መልሶ ይቆማል። አንዳንዱ ሙሉ ምላጩ ነው የሚታጠፈው፣ አንዳንዱ የታችኛው ጠርዝ ብቻ። ይሄ ባይኖር ግጭቱን የሚችለው ሻንሲው ነው። አሁን በረዶ ሳይጥል በፊት በየጠርዙ ምልክት እንዲሆነኝ እንጨት እተክላለሁ።

ቤቲ፦ እሺ፣ ምርጫውስ?

ሄኖክ፦ አዎ፣ ርዕሳችን! የሾፌሩን በር ክፈቱ። እዚያ የተለጠፈው ወረቀት የፊት አክስሉ ስንት ክብደት እንደሚችል ይናገራል። ከ700 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ማረሻ አለ። ያ ሁሉ ከፊት ነው የሚንጠለጠለው። ስለዚህ ከኋላ አሸዋ በጆንያ ይጫናል።

ቤቲ፦ ኤፍ 150፣ ቀለል ያለው የፎርድ ፒክአፕ፣ ያለው ሰው ይተወው ማለት ነው?

ሄኖክ፦ አይተውም። ቀለል ያለ ምላጭ ይግዛ። ለራሱ ድራይቭዌይ ይበቃዋል። እንጀራዬ ላድርገው ካለ ግን ጠንከር ያለው ኤፍ 250 ይሻለዋል። ወረቀቱን ይይ!

ቤቲ፦ ስፋቱስ?

ሄኖክ፦ ብዙ ፒክአፕ ላይ 7 ጫማ ተኩል ይሄዳል። ምላጩ ወደ ጎን ሲዞር ግን ይጠባል። ዞሮም ከጎማው ወጣ ማለት አለበት፤ አለዚያ ያልጠረግከውን በረዶ በጎማህ ትረግጣለህ።

ቤቲ፦ እኔ የቪ ቅርጹን ነው የምወደው። የጠጠረውን ክምር ሰንጥቆ ይገባል።

ሄኖክ፦ ውድ ነው። ከባድም ነው። ወረቀቱ!

ቤቲ፦ ሰፊ ፓርኪንግ ላይ ግን ያዋጣል።

ሄኖክ፦ ሰፊ ላይ... እሺ፣ ሊሆን ይችላል። ደግሞ በረዶው እስኪያቆም አትጠብቁ። በፈረንጆቹ 1991 በሃሎዊን፣ ኦክቶበር 31፣ የጀመረው በረዶ ሚኒያፖሊስ ላይ 28.4 ኢንች ጥሏል። እንዲህ ያለውን አንዴ ልግፋ ብትሉ መኪናው አይችለውም። በየመሃሉ መግፋት ነው። የመጀመሪያውን ክምር አርቃችሁ አድርጉት፤ ድንጋይ ከሆነ በኋላ አይነቃነቅም።

ቤቲ፦ ማርሹንስ?

ሄኖክ፦ መኪናው ቀጥ ብሎ ሳይቆም ከፊት ወደ ኋላ አትቀይሩ። ትራንስሚሽን የሚበላው እሱ ነው። በረዶውን ወደ መንገድ መግፋትም ሚኒሶታ ውስጥ ሕግ ይከለክለዋል።

ቤቲ፦ እማማስ ዘንድሮ ምን አሉ?

ሄኖክ፦ «ማረሻህን አዘጋጀህ?» ብለው ደወሉልኝ። የሃይድሮሊክ ዘይቱን ቀይሬያለሁ። አሸዋው ጋራዥ ውስጥ ነው።