ጉቶው ላይ የተጻፈውን እንይ

በእንጅባራ ለባህር ዛፍ ቆራጮች፣ ለሞተር መጋዝ ባለቤቶችና ለእንጨት ነጋዴዎች የወቅት መክፈቻ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ ማሽን ያላችሁ ወንድሞች፣ ቆራጮች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ቅጠልና ጭራሮ የምትለቅሙ እናቶችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

ክረምቱ ወጥቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ አይሱዙዎቹም መግባት ጀምረዋል። በዚህ ወቅት ስንሰበሰብ የአጣና ዋጋ ይነሳል፣ የመንገዱ ነገር ይነሳል፣ የደላላው ነገር ይነሳል። ይነሳ፤ ተገቢ ነው። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ግን ስለ ዋጋ ልናገር አይደለም። የመጣሁት ዛፍ ሥር ስለሚቀረው ሰው ልናገር ነው።

ዛፍ የገደለው ሰው ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ውስጥ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። «ዛፉ ዞረበት»፣ «ንፋስ አመጣበት» ይባላል። ከፈጣሪ ጋር የሚከራከር የለም። ግን ከቀብር መልስ ወደ ጫካው ሄዶ ጉቶውን ጎንበስ ብሎ ያየ ማነው? ዛፉ ለምን እንደዞረ እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል። ዝናብ እስኪያጠቁረው ድረስ ለሳምንታት ይነበባል፤ እኛ ግን አናነብም።

በደንብ የተቆረጠ ጉቶ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ዛፉ በወደቀበት በኩል አፍ አለው፤ አስቀድሞ በሁለት ቁርጥ፣ ከላይና ከታች፣ ተቆርጦ የወጣ ክፍተት ማለት ነው። ከኋላ መጋዝ ያለፈበት ለስላሳ ቁርጥ አለው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ፣ ጭረቱ ተነጭቶ የቆመ፣ ሻካራና ጠባብ መስመር ይታያል። ያ መስመር መጋዝ ያልነካው እንጨት ነው። በር በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር፣ ዛፍም የሚወርደው በዚያች ቀጭን እንጨት ላይ ታጥፎ ነው። ማጠፊያዋ እስካለች ድረስ ዛፉ በመረጣችሁለት በኩል ይሄዳል። ማጠፊያዋ የተቆረጠች ዕለት ግን ዛፉ ጌታ የለውም። ወደ ዘነበለበት፣ ቅርንጫፉ ወደከበደበት፣ ንፋሱ ወደገፋው ይሄዳል።

መጠኑ የታወቀ ነው። ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባህር ዛፍ ከሆነ አፉ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይገባል፤ ከግንዱ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ማለት ነው። የአፉ ስፋት ከ45 ዲግሪ አይነስ፤ 70 ቢደርስ ይመረጣል። ምክንያቱም ጠባብ አፍ ዛፉ ገና መንገድ ላይ ሳለ ይገጥማል፤ የገጠመ ዕለት ማጠፊያው ይበጠሳል፣ ቀሪውን መንገድ ዛፉ ያለ መሪ ይሄዳል። የላይኛውና የታችኛው ቁርጥ በአንድ መስመር ላይ ይገናኙ። አንዱ ሌላውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢያልፈው፣ ዛፉ ሳይነቃነቅ ማጠፊያችሁ ከወዲሁ ተበልቷል። አፉ 45 ዲግሪ ሲሆን የኋላው ቁርጥ ከአፉ ወለል ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ 70 ሲሆን እኩል ቢሆንም ይሠራል። ማጠፊያው የግንዱ አንድ አሥረኛ ነው፤ ለ40ው ዛፍ 4 ሳንቲ ሜትር። ከዳር እስከ ዳር እኩል 4። በአንድ በኩል ቀጥኖ በሌላው ከወፈረ ዛፉ ወደ ወፈረው በኩል ይጎተታል። «ዞረበት» የምንለው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው።

አሁን በየጫካችን ያሉትን ጉቶዎች አስቡ። ከዳር እስከ ዳር እንደ ምጣድ ለስልሰዋል! ሻካራ መስመር የለም፣ ማጠፊያ አልቀረም። አንዳንዱማ አፍም የለው፤ ከአንድ ወገን ተገብቶ በሌላው ተወጥቷል። ያ ዛፍ ሰው ሳይገድል ከወደቀ የተረፍነው በዕድል ነው። በሞያ የተረፈ የለም።

ቆራጩ ሰነፍ ነው ብዬ አይደለም። ማጠፊያ የሚቆረጥበትን ምክንያት ደረጃ በደረጃ እንየው፤ ምክንያቱ ቆራጩ እጅ ላይ ብቻ አይደለምና።

ቆራጩ የኋላውን ቁርጥ ይጀምራል። ግማሽ ሲደርስ ዛፉ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ ባሩ፣ ማለትም ካቴናው የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ ይያዛል፤ ካቴናው ይቆማል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ሽብልቅ ነው። የፕላስቲክ ወይም ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ይሁን እንጂ ብረት አይሁን፤ ብረት ካቴናውን ከነካ ጥርሱን ይጨርሳል። ሽብልቁ ባሩ ከመያዙ በፊት ቁርጡ ውስጥ ይገባል፣ በመጥረቢያ ጀርባ ይመታል፣ ዛፉ ወደ አፉ ያዘነብላል። ግን ሽብልቅ የለም። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶበት ማሽን ሲገዛ ሽብልቅ አልተገዛም፤ ከወይራ ቁራጭ እንኳ የጠረበ የለም። ታዲያ ምን ይደረጋል? ሁለት ሦስት ሰው ተጠርቶ ግንዱን በእጁ ይገፋል። ሰው ዛፉ ሥር ተሰበሰበ ማለት ነው። ቆራጩ ባሩን ነቅንቆ ያወጣና ዛፉ እንዲሄድለት ጨምሮ ይቆርጣል። የሚቆረጥ የቀረው እንጨት የትኛው ነው? ማጠፊያው ነው!

ካቴናውም የዶለዶመ ነው። የስለታም ካቴና ምልክቱ ከእንጨቱ የሚወጣው ነገር ነው። ስለታም ከሆነ ፍቅፋቂው ወፈር ብሎ ይፈናጠራል፤ ከዶለዶመ ዱቄት ያፈሳል፣ ይጨሳል፣ ማሽኑ ራሱ እንጨት ውስጥ አይገባም፣ ሰውየው በጉልበቱ ይጫነዋል። እየተጫነ የሚቆርጥ ሰው ቁርጡ የት እንደደረሰ አያይም። ወደ አንድ ወገን ይሄድበታል፤ ማጠፊያው በአንድ በኩል 6 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው ባዶ ይሆናል።

ካቴና የሚሞረደው ነዳጅ በተሞላ ቁጥር ነው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ሞረዱ ክብ ነው፤ እንደ ካቴናው ዓይነት 4፣ 4.8 ወይም 5.2 ሚሊ ሜትር። ያገኛችሁትን ሞረድ አታንሱ፤ የካቴናው ማሸጊያ ላይ ተጽፏል። ጥርሱ አናት ላይ ያለውን ጭረት ተከትላችሁ፣ በአብዛኛው 30 ዲግሪ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ትገፋላችሁ፤ ስትመልሱ ታነሡታላችሁ። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ግፊት፣ ሦስት ከሆነ ለሁሉም ሦስት። የግራው ጥርስ ከቀኙ ካጠረ ባሩ በክብ ይሄዳል፤ ቀጥ ያለ ቁርጥ አታገኙም። ከጥርሱ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታም አትርሱ። ከጥርሱ 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለባት። ከፍ ካለች ጥርሱ አይነክስም። ቶሎ እንዲቆርጥ ብሎ ከልክ በላይ የሞረዳት ሰው ደግሞ ማሽኑ ፊቱ ላይ እንዲዘል መንገድ ከፍቷል።

እንግዲህ ልጠይቅ። ማሽን የገዛ ሰው ሞረድ መግዛት እንዴት ይከብደዋል? ቆራጩ ከአንድ ቀን አበሉ ለሞረድ እንዲያዋጣ የሚደረገው ለምንድን ነው? በዛፍ ቁጥር የሚከፈለው ሰው ቁጭ ብሎ ሲሞርድ «ሥራ ፈታ» የሚባለው በየትኛው ሕግ ነው? ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደጋው ንፋስ ተነሥቶ አናቱ ሲወዛወዝ «መኪናው ቆሟል፣ አሥር ዛፍ ጨምር» ብሎ በስልክ የሚያዝ ነጋዴ ሲመሽ የት ነው ያለው? ሰውየው ሲሞት «ቀኑ ነው» የምንለው እኮ ያን ስልክ ላለመጥቀስ ነው! የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳ ግዴታ ጥሎበታል። ከራስ ቆብ እስከ ሱሪ በርኅራኄ የሚሰጥ ነገር አይደለም። የሚገባው ነው! ቆራጩም ለምኖ አይቀበለው፤ ይጠይቅ!

ያዘነበለ ዛፍ ላይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ አለ። ባህር ዛፍ ውስጡ ውጥረት ያለበት እንጨት ነው፤ የተቆረጠ ግንድ ጫፉ ወዲያው ሲሰነጠቅ ታያላችሁ። በጣም ያዘነበለውን እንደ ቀጥታው ከኋላ ከጀመራችሁት፣ ግማሽ ሳይደርስ ግንዱ ወደ ላይ ይሰነጠቅና የኋላው ገሚስ ተወንጭፎ ቆራጩን ደረቱ ላይ ይመታዋል። ለማምለጥ ጊዜ አይሰጥም። መፍትሔው ከአፉ በኋላ ባሩን ከጎን መውጋት ነው። ውጋቱ በባሩ ጫፍ፣ በአፍንጫው የታችኛው ክፍል ይጀምር እንጂ በላይኛው አይሁን። ማጠፊያውን ትተዋላችሁ፣ ከኋላም ጥቂት እንጨት ማሰሪያ አድርጋችሁ ትተዋላችሁ፤ መሃሉ ሲያልቅ፣ አካባቢው ሲጸዳ፣ ያን የኋላ ማሰሪያ ትቆርጡታላችሁ። ዛፉ በአንድ ጊዜ ይሄዳል፤ እናንተም አስቀድማችሁ ባጸዳችሁት መንገድ፣ ከውድቀቱ በተቃራኒ በሰያፍ ወደ ኋላ ትሸሻላችሁ። ያ መንገድ የሚጸዳው መጋዙ ሳይነሣ ነው። ጭራሮ ላይ እየተደናቀፉ ማምለጥ የለም።

ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ በቀረ ዛፍ ሥር ማንም አይለፍ፤ የተደገፈበትንም ዛፍ አትቁረጡ። ረጅም ገመድ ይታሰርበት፣ ከሩቅ ይጎተት። ያ ካልሆነ ክልሉ ይከለል፣ ሰው ይቁም።

ስለ ማሽኑ መዝለል ባጭሩ ልበል። ካቴናው በሰከንድ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል፤ በመኪና ፍጥነት ቢባል በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የባሩ አፍንጫ የላይኛው ሩብ እንጨት ከነካ ማሽኑ ዓይን ሳይጨፈን ወደ አንገት ይመጣል። የፊት ፍሬኑ የተሠራው ለዚህ ነው። ፍሬኑ ተሰብሮ ወይም በሽቦ ታስሮ የሚሠራ ማሽን ካለ ዛሬውኑ ይቁም። ግራ እጅ የፊት እጀታውን ይያዝ፣ አውራ ጣት ከሥር ይዙር። ከትከሻ በላይ አይቆረጥ።

ነዳጁ ላይ፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ኦልዮ ነው፣ 50 ለ1። ለአምስት ሊትር ጄሪካን 100 ሚሊ። በግምት አይደባለቅ። እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተሩ በካቻቢቴ ነዳጅ እንዲቀንስ ይደረጋል፤ ያንኑ ማሽን ወደ ጃዊ ቆላ ይዞ የወረደ ሰው መልሶ ካልከፈተው ነዳጅ ያንሰዋል፣ ኦልዮውም አብሮ ያንሳል፣ ሲሊንደሩ ተጭሮ ሞተሩ ድርቅ ይላል። ለካቴናው የተቃጠለ የመኪና ዘይት አትጠቀሙ፤ የብረት ብናኝ አለው፣ ባሩን ይበላል፣ ልብስና ቆዳ ላይም ይረጫል።

ዛፍ ላላችሁ አንድ ቃል። ጉቶው ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ውሃ እንዳያቁር ዘንበል ብሎ፣ ቅርፊቱ ሳይላጥ ከቀረ መልሶ ያቆጠቁጣል። በዶለዶመ ካቴና የተቀደደ ቅርፊት ግን ይበሰብሳል። የሞረዱ ነገር እናንተንም ይመለከታል።

እናቶችና እህቶች፣ ቅጠሉ የእናንተ ነው፤ ማንም አይከለክላችሁም። ነገር ግን ዛፉ መሬት ሳይነካ፣ ማሽኑም ሳይጠፋ አትግቡ። ከሚቆረጠው ዛፍ ቁመት ሁለት እጥፍ ራቁ፤ ዛፉ 20 ሜትር ከሆነ 40 ሜትር። ቆራጮች፣ ይህን መጠበቅ የእናንተ ግዴታ ነው። ዙሪያውን ሳታዩ፣ ድምፅ ሳታሰሙ የኋላውን ቁርጥ አትጀምሩ። የጆሮ መሸፈኛ ያደረገ ሰው ጩኸት አይሰማምና የሚያይለት ረዳት ይቁምለት።

ማሽን ያላችሁ ወንድሞች፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ አንድም ማሽን ሁለት ሽብልቅ፣ ልኩን የያዘ ሞረድ፣ መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ ያለው ቆብ፣ ካቴና የሚያቆመው ሱሪ ሳይኖረው ከቤት አይውጣ። የምትስማሙ ስማችሁን መውጫው ላይ ባለው መዝገብ አስፍሩ፤ ቆራጮችም ማን እንደፈረመ አይተው ይዋዋሉ። ከአዳራሹ ጀርባ አራት ግንድ ተተክሏል፣ ሞረዶቹም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ከሻይ በኋላ አፍ አከፋፈቱንና ማጠፊያ አተራረፉን እያንዳንዱ ሰው በተራው በእጁ ይሠራዋል፤ ጉቶውንም አብረን በሜትር እንለካዋለን።